እጅ ያውቃል፥ ወረቀት ይመሰክራል

ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር ሲኖር ሙያህን በወረቀት አስረዳ የሚለው ብዙ አይደለም። አናጢው አናጢ መሆኑን መንደሩ ያውቃል። አዋላጂቱም በሌሊት ስትጠራ ዲፕሎማሽን አሳዪን የሚላት የለም፤ በእጅዋ የተወለዱት ልጆች በየመንገዱ ሲሯሯጡ እነርሱ ራሳቸው ምስክሮቿ ናቸውና። ያው ሰው ድንበር ተሻግሮ በማያውቀው ሕዝብ መካከል የገባ እንደ ሆነ ግን ምስክሮቹ ሁሉ ከኋላው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ የሚናገርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ወረቀት ነው።

ይህን የምለው በአንድ አገር ተምረው በሌላ አገር ለመመዝገብና ለመሥራት ስለሚደክሙ ነርሶች ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ወደዚህ ነገር ያገባኝ ጉርብትና ነው። በምኖርበት ግቢ ውስጥ፥ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል፥ በከተማችን ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለች ነርስ ትኖር ነበር። እንደ አገራችን ልማድ ሁላችንም «ሲስተር» ብለን ስለምንጠራት፥ በዚህም ጽሑፍ ሲስተር እላታለሁ። ባልዋ በእንግሊዝ አገር ስለሚኖር እርሷም ወደ እርሱ ለመሄድ አስባ ነበር። አንድ ቀን ማታ ደብተር ይዛ ወደ ክፍሌ መጣችና፥ «መምህር፥ ባለቤቴን ብዬ ብሄድም እጄን ጥዬ አልሄድም። እንግሊዝኛ አስተምረኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል የነገሩን አካሄድ በቅርብ አይቼዋለሁ። ያየሁትንም ለእናንተ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ በቅርብ ለተቀጠራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ መንገር ይገባኛል ብዬ አሰብሁ። ከእናንተ መካከል ነገ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚጀምር ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ተጓዥ የሚለምነውን ደብዳቤም በመሳቢያው ውስጥ የያዘ ከእናንተ መካከል ይኖራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ መዝገብ የተባለው ነገር ለምን እንደ ተፈለገ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ነርስ ነኝ ያለች ሁሉ ነርስ ነበረች። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶች ትምህርት ቤት ካቋቋመች በኋላ እንኳ፥ ዓመታት ተምራ የመጣችውንና አንድ ቀን ያልተማረችውን ለይቶ የሚያሳውቅ ሕግ አልነበረም። ናይቲንጌል ራሷ የጥሩ ነርስ ጠባይ በፈተና አይለካም ብላ ስለምታምን የመንግሥትን ምዝገባ ተቃውማ ነበር። ኤቴል ጎርደን ፌንዊክ የተባለችው ነርስ ግን በ1887 የብሪታንያን ነርሶች ማኅበር አቋቁማ፥ ሕጉ በ1919 እስኪወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታገለች። መዝገቡ በ1921 ሲከፈት በአንደኛ ቁጥር የተጻፈው የእርሷ ስም ነው። ኒው ዚላንድ ደግሞ ከእንግሊዝ ቀድማ በ1901 ለነርሶች ምዝገባ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ነርሶችን ለማስጨነቅ አልነበረም። አልጋ ላይ የወደቀ በሽተኛ መርፌ ይዛ የመጣችውን ሴት «የት ተማርሽ? ማን መረመረሽ?» ብሎ ለመጠየቅ አቅም የለውም። መዝገቡ ስለ እርሱ ሆኖ ይጠይቅለታል። ስለዚህ «በአገሬ ተምሬ፥ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ፥ እንደ ገና እንደ ጀማሪ መፈተን ውርደት ነው» ከሚሉት ጋር አልስማማም።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከአባታቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፥ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው ነርስነት ተምረዋል። በ1939ም ተፈትነው የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ከዚያም በዚያው ከተማ በጋይስ ሐኪም ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በነቀምት ዐረፉ። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የመታሰቢያ ሐኪም ቤት እንዲሠራ ገንዘብ ያሰባሰቡት ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን ፈተናውን አላስቀረላቸውም። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚያስፈልገው ማዕርግ ሌላ ነውና።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዛሬ በዚያ አገር መዝገቡን የሚጠብቀው የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ሥራውን የጀመረው በ2002 ነው። በ2024 በመዝገቡ ላይ ከ800 ሺሕ የሚበልጥ ስም ነበረ፤ ከአምስቱም ከአንዱ የሚበልጠው ትምህርቱን የተማረው በሌላ አገር ነው። ስለዚህ በሩ ዝግ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን አራት ደፍ አለው።

አንደኛው ደፍ ቋንቋ ነው። አይኤልትስ በተባለው ፈተና በማዳመጥ፥ በማንበብና በመናገር 7፥ በመጻፍ ደግሞ 6.5 ማግኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ፈተና ነው፤ ይህን እንግሊዝ አገር ሳይሄዱ መፈተን ይቻላል። ሦስተኛው ማስረጃ ነው። የትምህርት፥ የጤንነትና የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሙያ ፈቃድ የሰጣት የአገሯ መሥሪያ ቤት፥ «አዎን፥ ይህች ሴት በእኛ መዝገብ ላይ አለች፤ ነቀፋም የለባትም» ብሎ በቀጥታ ለምክር ቤቱ የሚልከው ቃል ነው። አራተኛው እዚያው አገር ገብቶ በእጅ እየሠሩ የሚፈተኑት ነው፤ ኦስኪ ይሉታል። በ2021 ከተሻሻለ ወዲህ አሥር ጣቢያዎች አሉት። በ2024 ለዚህ ፈተና ብቻ የሚከፈለው 794 ፓውንድ ነበር። በአንድ ማመልከቻ ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል፤ ሦስቱንም የወደቀች ነርስ ስድስት ወር ጠብቃ እንደ ገና ማመልከት አለባት።

ሲስተር በኮምፒዩተር ለሚሰጠው ፈተና ስትዘጋጅ ሒሳቡ ለእርሷ ጨዋታ ነበር። አንድ ማታ፥ «አንድ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት ውስጥ ለበሽተኛው ይግባ ቢባል፥ ቱቦውም በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ቢሆን፥ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይወርዳል?» የሚለውን ጥያቄ አነበብሁላት። እኔ እርሳሴን ሳላነሣ እርሷ «42» አለች። በየሌሊቱ ተረኝነቷ ጠብታ ስትቆጥር የኖረች ናትና አያስደንቅም።

ጭንቋ መጻፍ ነበር። የአይኤልትስ የጽሕፈት ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ይጠይቃል፤ አንዱ ከ150 ቃል፥ ሁለተኛው ከ250 ቃል የማያንስ። ርእሱም ስለ በሽተኛ አይደለም። ስለ ከተማ መኪና መብዛት፥ ስለ ልጆች ትምህርት፥ ስለ ቱሪስቶች ሊሆን ይችላል። ሲስተር የምትጽፈው ቃሉን በእንግሊዝኛ፥ አካሄዱን ግን በአማርኛ ነበር። ከሩቅ ትጀምራለች፤ ሁሉንም ወገን በትሕትና ታነሣለች፤ ዋናውን ቁም ነገር ግን ለመጨረሻ ታቆየዋለች። ይህ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። የዚያ አገር ፈታኝ ግን ዋናውን ሐሳብ ከደጅ ላይ ሊያገኘው ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ሰዋስው አስተማርኋት፤ ብዙም አልፈየደም። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን፥ «ሲስተር፥ ተረኛውን ሐኪም በሌሊት በስልክ ስትቀሰቅሺው ነገሩን በምን ትጀምሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የበሽተኛው የደም ግፊት ወርዷል ብዬ ነዋ! በምን ልጀምር ኖሯል?»

«ከዚያስ?»

«ስንት እንደ ደረሰ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ምን እንዳደረግሁ እነግረዋለሁ። ከዚያ ቶሎ ይምጡ እላለሁ።»

«እንግዲያውስ ስለ መኪናውም እንደዚያው ጻፊ» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ ጽሕፈቷ ሌላ ሆነ። በመጀመሪያው ፈተና በመጻፍ 6 አግኝታ ቀርታ ነበር፤ በሁለተኛው 6.5 አገኘች። ነገር ግን ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቋንቋው ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ሆኖ እንደ ገና መቀመጥ ይመጣል። እንግዲህ ውጤቷ ከደረሳት ቀን ጀምሮ ሲስተር የምትኖረው በሰዓት ተቆጥራ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የኮምፒዩተሩንም ፈተና ካለፈች በኋላ የቀረው ሦስተኛው ደፍ፥ ማለት ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚላከው ቃል ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከውጭ አገር ጥያቄው ተላከ፤ ሲስተርም መላኩን አረጋገጠች። አንድ ወር ጠብቃ በስልክ ስትጠይቅ «እየታየ ነው» አሏት። በሁለተኛው ወር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። በሦስተኛው ወር ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፥ በአውቶቡስ ተሳፍራ ራሷ ሄደች፤ «ነገ ተመለሺ» ብለዋት አንድ ሌሊት ከዘመድ ቤት አድራ ብትመለስ፥ ጉዳዩን የያዘው ሰው ለመስክ ሥራ ወጥቷል አሏት። በአምስተኛው ወር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር እኔም አብሬያት ሄድሁ።

በጠረጴዛው ላይ ያገኘነው ጸሐፊ በእኔ ዕድሜ ያለ፥ እኔ በተማርሁባቸው ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የነበረ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦም አልፈለገም። ወንበር ሰጠን፤ ጉዳያችንንም በትሕትና አደመጠ። ከዚያ በኋላ፥ «እኔ ምን ላድርግ? ነገሩ ወደ እኔ አልተመራም» አለ።

«ታዲያ ወደ ማን ነው የተመራው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ትንሽ አሰበና መሳቢያውን ሳበው። የሲስተር ጥያቄ በኮምፒዩተር መጥቶ፥ በወረቀት ታትሞ፥ ከሌሎች ብጤዎቹ ጋር እዚያው ተኝቶ ነበር። ጸሐፊው ራሱም ደነገጠ። ወዲያው ተነሣና ፋይሏን ከመደርደሪያው አወረደ፤ የፈቃድ ቁጥሩን አመሳከረ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ካለው አለቃው አስፈርሞ፥ ማኅተም አስመትቶ፥ መልሱን ላከው። ሰዓቴን አየሁ። ሁሉም ያለቀው ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው።

አምስት ወር የጠበቀ ሥራ በሃያ ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። በእነዚህ አምስት ወራት ውስጥ እምቢ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ትልቁ ችግር ይኸው ነው። እምቢ ላለ ይግባኝ ይባልበታል፤ ዝም ላለ ግን ይግባኝ የለውም።

ከሕንፃው ደረጃ ስንወርድ ሲስተር ትደሰታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ቆም አለችና፥ «መምህር፥ ከእኔ በላይና ከእኔ በታች የነበሩት ወረቀቶችስ የማን ናቸው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ፥ «አገሯን ጥላ የምትሄደውን ነርስ ለማሰናዳት ይህን ያህል መቸኮል ለምንድር ነው? እንዲያውም ቢዘገይ ለእኛ አይሻልምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት አባል መንግሥታት በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ከአገር ወደ አገር ስለ መመልመል የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቀዋል። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የባለሙያ እጥረት ጠንቶባቸዋል የተባሉ 55 አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ባለጸጎቹ አገሮች ወደ እነዚህ አገሮች እየመጡ ነርሶችን እንዳይመለምሉ ይጠየቃል። አንዲት ነርስ በራሷ ፈቃድ ማመልከት ግን አልተከለከለችም።

እኔም ብሆን ሲስተር ስትሄድ የሚጎድለውን አላጣሁትም። አምና በታይፎይድ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ በሌሊት እየመጣች ግንባሬን የዳሰሰችው እርሷ ናት። ከእርሷ ጋር ተረኛ ትሆን የነበረችው ልጅ እግር ነርስ አሁን ያንን ሁሉ አልጋ ብቻዋን ትዞራለች። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በቃል ማሳመርም አይድንም።

ነገር ግን ነርስ በአገሯ ረግታ እንድትሠራ የሚያደርጉ ነገሮች የታወቁ ናቸው። የሚያኖር ደመወዝ፥ ጓንትና መድኃኒት ያልጎደለበት ክፍል፥ የትምህርትና የዕድገት ተስፋ፥ ለአንዲት ሴት የሚቻል የአልጋ ቁጥር ነው። መሳቢያ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ደግሞም በዚያ መሳቢያ ውስጥ ከነበሩት ወረቀቶች የብዙዎቹ ባለቤቶች ምናልባት አስቀድመው ሄደዋል። አንዷ ባሏን ተከትላ፥ አንዷ ዲቪ ደርሷት፥ አንዷ በስደት ሄዳ ይሆናል። አሜሪካ የገባችውም ብትሆን የትምህርት ማስረጃዋ ከአገሯ ደርሶ ካልተመረመረና ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ካላለፈች ነርስ አትባልም። ማስረጃዋ እስኪደርስ ድረስ በሆቴል ሰሐን ታጥባለች፥ ወይም በመኪና ማቆሚያ ቲኬት ትቆርጣለች። ያቺ እጅ ከዚያ ወዲያ ለአገሯም አልሆነች፥ ለሰው አገርም አልሆነች። በዝምታችን ያስቀረነው ነርስ የለም፤ ያጠፋነው ሙያ ግን አለ።

ሲስተር በመጨረሻ ሄደች። አራተኛውን ደፍ እስክታልፍ ድረስ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆና ሠራች። ሽማግሌዎችን ታጥባለች፥ ትመግባለች፥ ሻይ ታቀርባለች። ሥራውን አልናቀችውም፤ ነገር ግን የአንዲት አሮጊት ትንፋሽ መለወጡን ከሁሉ ቀድማ አይታ፥ ምን መደረግ እንዳለበት እያወቀች፥ ማድረግ የተፈቀደላትን ሰው ሮጣ ከመጥራት በቀር ምንም አለመቻሏ እንዳቃጠላት በስልክ ነግራኛለች።

የኦስኪን ፈተና በመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ጣቢያዎች ወደቀች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፥ «መምህር፥ እጄ ሠራ፤ አፌ ግን አልተናገረም» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ፈተና ፈታኙ የሚያየውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውንም ይመዝናል። ተፈታኟ እጅዋን ትታጠባለች፤ ስሟን ትናገራለች፤ የበሽተኛውን ስምና የልደት ቀን ጠይቃ በእጁ ላይ ካሰረው ጽሑፍ ጋር ታመሳክራለች፤ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ትጠይቃለች፤ የምታደርገውን ነግራ ፈቃዱን ትቀበላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ድምፅዋ መሰማት አለበት። ሲስተር በለመደችው ክፍል ግን አንዱን በሽተኛ ስትወጋ ሦስቱ ይጠሯታል። እዚያ ዝም ብሎ መሥራት ፍጥነት ነው፤ እዚህ ዝም ብሎ መሥራት ጉድለት ሆኖ ተቆጠረባት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «ይህን አልጠላሁትም። በሽተኛው በገዛ ገላው ላይ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይገባዋል። እኛም አገር ጊዜ ስለሌለን እንጂ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም» አለችኝ። የወደቀችባቸውን ሁለት ጣቢያዎች ብቻ ደግማ ተፈተነች፤ አለፈችም። ስሟም በመዝገቡ ላይ ተጻፈ።

ይህን ስተርክ በሰው አገር ያለው አሠራር ሁሉ የቀና ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ሲቋቋም ሠራተኛ ስላነሰው ከካሪቢያን ደሴቶች፥ ከባርቤዶስና ከጃማይካ፥ ብዙ ልጃገረዶች መጥተው እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ የነርስነት ማዕርግ ሁለት ነበር። አንዱ ሦስት ዓመት የሚያስተምረውና ወደ ላይ የሚያሳድገው የተመዘገበች ነርስ ማዕርግ፥ ሁለተኛው በሁለት ዓመት የሚያልቀውና ዕድገቱ አጭር የሆነው ረዳት ነርስ ማዕርግ ነው። ከእነዚያ ልጃገረዶች ብዙዎቹ ለላይኛው የሚበቃ ትምህርት እያላቸው ልዩነቱ ሳይነገራቸው ወደ ታችኛው ተመርተዋል። የበለጠ የሚያሳዝነው፥ ያ የታችኛው ማስረጃ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዋጋ ያልነበረው መሆኑ ነው። ይህ እጅን መመርመር አልነበረም፤ መልክን አይቶ መፍረድ ነበር።

በ2020 ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ በጠናበት ጊዜ የነርሶቹ ምክር ቤት ጊዜያዊ መዝገብ ከፈተ። ከመጨረሻው ፈተና ከኦስኪ በቀር ሌላውን ሁሉ ያሟሉትን የውጭ አገር ነርሶችም በዚያ መዝገብ ገብተው እንዲሠሩ ጠራቸው። ትናንት «ቆዪ» ስትባል የነበረችው እጅ በአንድ ጊዜ «ድረሺ» ተባለች። በክፉ ቀን የሚታመን እጅ በደኅናው ቀን ያን ያህል ጊዜ ለምን ሥራ ይፈታል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ከጥበቃው ስንቱ ለበሽተኛው ደኅንነት ነው? ስንቱስ ለልማድ ያህል ነው?

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። እጅን መርምሮ የሚያልፍ ወይም የሚያስቀር ፈተና፥ ቢከብድም ቅን ነው፤ ልዕልትም ሆነች የገበሬ ልጅ ልትቀመጥለት ይገባል። እጅን ሳይመረምር የሚያስር ነገር ግን፥ በዚያ አገር የመልክ አድልዎ ይሁን፥ በእኛ አገር የመሳቢያ ዝምታ፥ ያው አንድ በደል ነው።

ስለዚህ ተማሪ ለሆናችሁት የምመክረው ይህን ነው። የትምህርትና የሙያ ማስረጃችሁን ገና ሳያስፈልጋችሁ አሟልታችሁ ያዙ። ስማችሁ በላቲን ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲጻፍ ተጠንቀቁ። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱን ስም በዲፕሎማው ላይ በአንድ ዓይነት፥ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት ጽፈው፥ ሁለት ሰው አለመሆናቸውን ለማስረዳት ወራት የፈጁ አሉ። ምዝገባውን እኔ አስጨርሳለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት፤ ምክር ቤቱ ማመልከቻ የሚቀበለው ከባለቤቱ ነውና። እንግሊዝኛንም ለፈተና ወር ሲቀር ሳይሆን ዛሬ ጀምሩ። ከሁሉም በላይ ጥበቃው ቢረዝም እጃችሁን ከሥራ አታውጡት።

በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀጠራችሁት ደግሞ ልመናዬ አጭር ነው። ሕጉ የማይፈቅደውን አድርጉ አልላችሁም። መልሱ እምቢ ከሆነ እምቢ በሉ፤ ምክንያቱን ጻፉበት፤ ቀኑን ጻፉበት፤ ላኩት። አዎን ከሆነ ደግሞ የሃያ ደቂቃ ሥራ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ እኔ አልተመራም የምትሉት ወረቀት ወደ ማን እንደሚመራ ካላወቃችሁ፥ ወደ እናንተ የተመራ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ፥ ቡና ከማዘዛችሁ በፊት፥ መሳቢያችሁን ሳብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የአንድ ሰው እጅ እዚያ ውስጥ ታስሮ ሊሆን ይችላል።